ጥቁር የለበሰችው ሞተር

በዚህ ሳምንት ስለ ፍቅር አላወራም። «ጥሎኝ ሄደ»፣ «ዞራ አላየችኝም» የሚሉት ደብዳቤዎች ጠረጴዛዬ ላይ እንደተከመሩ ተራቸውን ይጠብቁ። ዛሬ ወረፋውን የቀማቸው ስለ አንዲት ሞተር ሳይክል የተጻፈ ደብዳቤ ነው። «ሞተር ደግሞ ምን ምክር ያስፈልገዋል? ጋራዥ ወስዶ ማስቀባት ነው እንጂ!» እንዳትሉኝ። እኔም መጀመሪያ እንዲያው ብዬ ወደ ጎን አድርጌው ነበር። ሁለተኛውን ገጽ ሳነበው ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ጸሐፊው የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ዕድሜው ሃያ ሁለት። ስሙን እንደ ልማዳችን ትተነዋል። አሳጥሬ ላቅርብላችሁ፦

«...አባቴ የግብርና ባለሙያ ነበር። መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ሞተሮችን በጨረታ ሲሸጥ አንዷን ቀይ ያማሃ ገዛት። እኔንና ታናሽ እህቴን ትምህርት ቤት ያመላለሰን በእሷ ነው። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ሞተሯ ሸራ ለብሳ በረንዳ ላይ ቆማ ነበር። አሁን አስጠግኛት ተነስታለች። ቀለሟ ግን ተላልጧል፤ ታንኳም ዝጎ አስቀያሚ ሆኗል። እኔ ማት ጥቁር፣ ያንን የማያብረቀርቀውን፣ ልቀባት ፈልጌያለሁ። ጓደኞቼ ሁሉ ‹ታምራለች› ይላሉ። እናቴ ግን ‹እኔ ጥቁሬን ካወለቅሁ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ አሁን ደግሞ ሞተሩን ልታለብስብኝ ነው? አባትህን ሁለተኛ ልትቀብረው ነው?› ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ሸራውን ስገልጥ ተነስታ ቤት ትገባለች። የጎን ክዳኗን ስፈታው ደግሞ አባቴ ዘይት የቀየረባቸውን ቀኖች ከውስጥ በኩል በእስክሪብቶ ጽፎ አገኘሁ። ቀለሙን ገዝቻለሁ፤ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። ምን ትመክረኛለህ?»

ወንድም ዓለም፣ ምክር ከመስጠቴ በፊት የራሴን ጉድ ልናዘዝልህ። እኔም ቀብቻለሁ። ያውም እዚያው አንተ ከተማ ውስጥ።

ጊዜው 2010 ዓ.ም. ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ የሰው ዕቃ እያመላለስኩ የምኖርበት ጊዜ ነበር። አሮጌ ሰማያዊ ቦክሰር ነበረችኝ። በአንድ ፊልም ላይ ከላይ እስከ ታች ጥቁር የሆነች፣ ብርሃን ሲያርፍባት የምትውጥ የምትመስል ሞተር አየሁና ልቤ ሸፈተ። መርካቶ ወርጄ የሚረጭ ጥቁር ቀለም በጣሳ በጣሳ ሸክፌ ተመለስኩ። ወሩ ታኅሣሥ ነው። ደብረ ብርሃን በታኅሣሥ ምን እንደምትመስል ላንተ አልነግርህም፤ ለማያውቁት አንባቢዎቼ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ የሚጋገርባት ከተማ ናት።

እኔ ጅሉ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ግቢ ውስጥ አቁሜ መርጨት ጀመርኩ። ስጨርስ አምሮ ነበር። ቁርሴን በልቼ ስመለስ ሞተሬ ሻጋታ የወጣበት ዳቦ መስላለች! ጥቁሩ ላይ ነጭ ደመና ተኝቶበታል። በኋላ አንድ በቀለም ሥራ ያረጁ ሰው ሲያስረዱኝ፣ ቀለሙ ውስጥ ያለው ቲነር በሚተንበት ጊዜ ላሜራውን ይበልጥ ያቀዘቅዘዋል፤ አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ደግሞ ቀዝቃዛው ላሜራ ላይ እንደ ጤዛ ያርፋል። ነጩ ነገር እሱ ነው። «አንተ ልጅ፣ ብርድ ላይ ቀለም አይረጭም። ቀለምም እንደ ሰው ፀሐይ ይወዳል» አሉኝ። ላብራቶሪ የገቡ አይደሉም፤ ግን ልክ ነበሩ። ብዙዎቹ ቀለሞች ከ10 ዲግሪ በታች አይረጩም፤ የሚመቻቸው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ያለው ሙቀት ነው።

በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሜ ረጨሁ። በዚህኛው ሰመረልኝ። ለአንድ ሳምንት ያህል የከተማው ንጉሥ እኔ ነበርኩ። በሁለተኛው ሳምንት ማደያ ገብቼ ሲቀዳልኝ ጥቂት ቤንዚን ከታንኩ አፍ ገንፍሎ ወረደ። በዓይኔ እያየሁት ቀለሙ እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማደደ። በጨርቅ ስጠርገው ጨርቁ ላይ ቀረ። በጣሳ የሚሸጠው ተራ ስፕሬይ ቤንዚን አይችልም፤ ይህን ሻጩም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅሁ።

ይሄ ሁሉ የገንዘብ ኪሳራ ነው፤ ያልፋል። የማያልፈውን ልንገርህ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ለአንዲት ነጋዴ ዕቃ ጎረቤላ አድርሼ ወደ ደብረ ብርሃን እመለስ ነበር። ከአንኮበር ደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያ መንገድ በክረምት ምን ዓይነት እንደሆነ የሄደበት ያውቀዋል። ከአፋር ቆላ በኩል ጉም ገደሉን ይዞ ሽቅብ ይወጣና በአንድ አፍታ ዓለሙን ይደፍነዋል። የፊት ጎማህን እንኳ በግምት ነው የምታየው። የሄልሜቴን መስተዋት ልጠርግ ብዬ ጥግ ያዝኩና ሞተሩን አጠፋሁ። ሞተር ሲጠፋ የኋላ መብራቱም አብሮ ጠፋ። ሄልሜቴ ጥቁር። ጃኬቴ ጥቁር። እኔ ብልጡ ደግሞ «ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን» ብዬ ከኋላ ያለችውን ቀይ አንጸባራቂ ሳይቀር በጥቁር ቀብቻታለሁ።

የፍሬን ጩኸት ሰማሁ። አንድ አይሱዙ ከእኔ ሁለት እርምጃ ላይ ተንፏቅቆ ቆመ። ሹፌሩ ጎልማሳ ሰው ናቸው፤ ወርደው መጡ። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ ዝም ብለው ጎማው ላይ ተደገፉ፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ከቆይታ በኋላ «መንገድ ላይ የተንከባለለ ድንጋይ ነበር የመሰልከኝ» አሉኝ። «ከድንጋይ ለመሸሽ ወደ ገደሉ ልሰብረው ነበር እኮ። ውስጥ ሦስት ሰው አለ።»

ሌላ ምንም አላሉኝም። እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ መብራታቸውን አብርተው ከኋላዬ እያዘገሙ ሸኙኝ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም። ይህን ጽሑፍ ካነበቡት፣ አባቴ፣ ያ ልጅ በሕይወት አለ።

እንግዲህ ከዚህ ተነስቼ «ጥቁር አትቀባ፣ ጥቁር ገዳይ ነው» ልልህ ነበር። ግን እውነቱን ልንገርህ ብዬ ሳገላብጥ ነገሩ እንዳሰብኩት አልሆነም። ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ውስጥ በሞተረኞች ላይ የተደረገና በ2004 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት አለ። አንጸባራቂ ወይም ከሩቅ የሚጮህ ደማቅ ልብስ የለበሱት ሞተረኞች የአደጋ ዕድላቸው በ37 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ቀንም መብራት አብርተው የሚነዱት በ27 በመቶ፤ ነጭ ሄልሜት ያደረጉት ደግሞ ጥቁር ካደረጉት በ24 በመቶ ያነሰ ነበር። የሞተሩ የፊት ቀለም ራሱስ? ልዩነት አላመጣም። ኦክላንድ የአንኮበር ጉም የለም፤ ስለዚህ እኔ ሙሉ በሙሉ አልተጽናናሁም። ቢሆንም ነገሩ ይገባሃል፦ እኔን ሊያስገድለኝ የነበረው ጥቁሩ ታንክ ሳይሆን ጥቁር ሄልሜቴ፣ የጠፋው መብራትና የደፈንኳት አንጸባራቂ ነው። አንተም ሞተርህን እንደፈለግህ ቀብተህ፣ ቢጫ ሰደሪያ ከላይህ፣ ነጭ ሄልሜት ከራስህ ካልጠፋ፣ መብራትህም ቀን ከሌት ከበራ እኔ አልከለክልህም። አንጸባራቂዋን ግን እንዳትነካት!

አሁን ወደ እናትህ እንምጣ።

እናትህ ስለ ቀለም እያወሩ አይደለም። በእኛ አገር ጥቁር ልብስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይነገርም። አንድ ዓመት ሙሉ ጥቁር ለብሰው፣ ያንን ጥቁር ባወለቁ ማግስት በረንዳቸው ላይ ሌላ ጥቁር ሲቆም ምን ይሰማቸው ይመስልሃል? አንተ ፊልም ላይ ያየኸውን ሞተር ታያለህ፤ እሳቸው የሚያዩት ድንኳን ነው። ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም፤ የምታዩት ግን ለየቅል ነው።

አንድ ነገር ልጠቁምህ። ከደብረ ብርሃን ወደ መንዝ ወጣ ብትል የሽማግሌዎቹን በርኖስ ታያለህ። ከጥቁር በግ ጸጉር የተሠራ፣ ቀለም ያልነካው፣ ቅንጣት የማያብረቀርቅ ጥቁር። የዛሬ ልጆች «ማት ብላክ» ብለን የምንኮራበትን አያቶቻችን ብርድ ሲከላከሉበት፣ ክብርም ሲያዩበት ኖረዋል። የሐዘን ልብስ አይደለም፤ የአባወራ ልብስ ነው። ይህን ለእናትህ ብትነግራቸው ይስቁ ይሆናል፤ ወይም «አፈ ጮሌ» ብለው ያባርሩሃል። ቡና ተፈልቶ፣ ሁለተኛው እየተቀዳ ሳለ አውራው፤ ሸራውን ገልጠህ ቀለሙን ይዘህ ቆመህ ግን አታውራው።

ሌላም አለ፤ ይሄኛው እንኳ ስሜት ሳይሆን ሕግ ነው። ደብዳቤህ ላይ «ሞተሬ» ብለህ ሦስት ጊዜ ጽፈሃል። ወንድሜ፣ ሞተሯ ያንተ አይደለችም! አባትህ በትዳር ላይ እያሉ የገዟት ከሆነች የጋራ ንብረት ናት፤ ግማሿ የእናትህ ነው። ኑዛዜ ከሌለ የቀረው ግማሽ ለአንተና ለእህትህ እኩል ይካፈላል። ሒሳቡን ብትሠራው ሩቧ ናት ያንተ፤ ሞተር ሁለት ጎማ ስላላት ግማሽ ጎማ ደረሰህ ማለት ነው። ግማሽ ጎማ የያዘ ሰው ሙሉውን ሞተር ጥቁር አያለብስም። ስለዚህ መጀመሪያ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃችሁን አውጡ፤ ከዚያ በስምምነት ሊብሬው ወደሚነዳው ሰው ይዛወር። ሊብሬው ላይ ደግሞ ከሻንሲ ቁጥሩና ከሞተር ቁጥሩ ጋር ቀለሙም ተጽፏል። «ቀይ» የሚል ሊብሬ ይዘህ በጥቁር ሞተር ኬላ ላይ ብትቆም ምን ትላለህ? በክልላችን ባለፉት ዓመታት በጸጥታው ምክንያት ሞተር አንዴ ሲታገድ አንዴ ሲፈቀድ እንደከረመ አይተሃል። አዲስ አበባም በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በሞተር የሚፈጸመው ቅሚያ አስመርሯት ፈቃድ የሌላቸውን ከከተማዋ አግዳለች። ሞተረኛ በጥርጣሬ በሚታይበት ዘመን ወረቀቱና ቀለሙ የማይገጥም ሞተር መንዳት ራስን ለእስር መጋበዝ ነው። ከመቀባትህ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ አስመዝግብ፤ ከቀባህ በኋላ አይደለም።

ይህ ሁሉ ተሳክቶ እናትህም እሺ ካሉ፣ እኔ ባንተ ቦታ ብሆን የማደርገውን ልንገርህ። ታንኩን ቀይ እተወዋለሁ። ፓራፋንጎውን፣ የጎን ክዳኖቹንና ሻንሲውን ጥቁር አደርጋለሁ፤ ታንኩን ግን ዝገቱን አስጠርጌ፣ ያንኑ የአባትህን ቀይ አስደግመዋለሁ። ይህን የምልህ ለእናትህ ስል ብቻ እንዳይመስልህ። ማት ጥቁር መጀመሪያ የሚበላሸው ታንክ ላይ ነው። ቤንዚን የሚፈስበት እሱ፣ ጉልበትህ የሚያሸው እሱ፣ ፀሐይ የሚያግለው እሱ! ማት ቀለም የማያብረቀርቀው በጣም በደቀቀ ዱቄት ፊቱ ሸካራ ስለሚደረግ ነው፤ ብርሃኑ አንድ ላይ ተመልሶ ዓይንህ ውስጥ ከመግባት ይልቅ በየአቅጣጫው ይበተናል። ያ ሸካራነት በጉልበትህ ሲታሽ ይለሰልስና ጥቁሩ ላይ የሚያብረቀርቅ ነቁጥ ይወጣል። ሲጫር ደግሞ እንደ ሌላው ቀለም በፖሊሽ አታድነውም፤ ፖሊሽ ከነካው ይባስ ያብረቀርቃል። አንድ ቦታ ልጠግን ብትል ይታወቃል፤ ዕቃውን ሙሉ መድገም ግድ ነው። ሰዎች «ማት ጥቁር ርካሽ ነው፣ ስህተት ይሸፍናል» ይላሉ። ውሸት ነው! የላሜራውን ስርጉድ ይደብቃል እንጂ የቀቢውን ስህተት ያጋልጣል።

እስቲ ደግሞ ስለ ጥቁር ካነሳን፣ ሄንሪ ፎርድ ከ1914 እስከ 1925 እ.ኤ.አ. ሞዴል ቲ የተባለችውን መኪናውን በጥቁር ብቻ ነበር የሚሸጣት። ለቁንጅና ብሎ አልነበረም፤ ጥቁሩ ቀለም ርካሽና ጠንካራ ሆኖ ሥራውን ስላቀለለለት ነው። ወደ ጉዳያችን።

በእጅህ የምትሠራው ከሆነ ዕቃዎቹን ፍታቸው፤ እንደተገጠሙ የሚቀባ ሰው ሞተሩን ሳይሆን ሰንሰለቱን ቀብቶ ያርፋል። ታንኩን ከነካህ ቤንዚኑን አስወጥተህ ለቀናት ክፍት አድርገህ አናፍሰው። ባዶ ታንክ ከሙሉው ይብሳል፤ ትነቱ ነው የሚፈነዳው። የደብረ ብርሃን ግቢ ነውና፣ አረቄ የሚወጣበት ምድጃ በአቅራቢያህ ካለ ያን ቀን ሥራውን ተወው። ቅባቱን በሳሙና እጠብ፣ በቲነር ጥረግ፤ ከዚያ ነው ብርጭቆ ወረቀት። ከ240 ቁጥር ጀምረህ ወደ 400 ውረድ። ላሜራው ከተገለጠ አንትረስት ቀባ፤ ስርጉድ ካለው ስቱኮ ሙላና በ600 አልስልሰው።

መርጫ ሰዓትህ ከአምስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ነፋስ በሌለበት፣ ዕቃው ራሱ ፀሐይ ሞቆ ጥላ ሥር ሲሆን። ጣሳው ከቀዘቀዘ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አቁመው፤ እሳት አጠገብ ግን እንዳታስጠጋው፣ እንደ ቦንብ ነው። ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ርቀህ፣ እጅህ ሳይቆም፣ ስስ ስስ አድርገህ ሁለት ሦስት ጊዜ ርጭ። በመሀል 15 ወይም 20 ደቂቃ ታገስ። ማት ቀለም ላይ ስግብግብነት አይሠራም፦ ካወፈርከው አንዱ ቦታ ያብረቀርቅና ሌላው ቦታ ይደበዝዛል፤ የበግ ጠቃጠቆ ይመስላል። ማርሚታውን በዚህ ቀለም እንዳትሞክረው፣ ተቃጥሎ ይላጣል፤ ለእሱ ሙቀት የሚችል ለብቻው ይሸጣል። የሻንሲ ቁጥሩ የተመታበትን ቦታ በፕላስተር ሸፍነው፤ ቁጥሩ ቀለም ውስጥ ከጠፋ ነገ ሞተሯን የሰረቅሃት ትመስላለህ። የፍሬን ዲስክም ካላት ጠብታ አይንካት።

ታንኩን ግን ለባለሙያ ስጠው። ቤንዚን የሚችለው ቀለም ማድረቂያ የሚቀላቀልበት ነው፤ ያ ማድረቂያ ደግሞ ሲረጭ ሳንባ ይጎዳል። ለአቧራ የምናደርገው ማስክ አያስጥልም፤ የኬሚካል ማጣሪያ ያለው ያስፈልጋል። ኮምፕሬሰርና እንዲህ ያለ ማስክ ያለው ጋራዥ ፈልግ። ማስክ የሌለው ቀቢ «ለምጄዋለሁ» ቢልህ ወደ ሌላው እለፍ፤ ለራሱ ሳንባ ያላዘነ ለአባትህ ታንክ አያዝንም።

የገዛኸውን ጣሳ መለያ አንብበው፤ ለእንጨትና ለብረት በር የተሠራ ከሆነ ለባለ ሱቁ መልስለት፣ ካልተቀበለህም ለግቢ በራችሁ ይሁን።

ስለ ጎን ክዳኑም። ውጭውን ፋቀው፣ ቀባው። ከውስጥ በኩል ግን ብርጭቆ ወረቀት እንዳይነካው፤ የእስክሪብቶ ጽሑፍ በቲነር አንድ ጠብታ ይጠፋልና ውስጡን ቲነር በነካ ጨርቅ እንዳትጠርገው። ፕላስተሩንም ጽሑፉ ላይ በቀጥታ እንዳትለጥፈው፣ ሲላቀቅ ይዞት ይነሳል። መጀመሪያ ንጹሕ ወረቀት አልብሰውና ፕላስተሩን ዙሪያውን ብቻ ለጥፍ። ያን ዕለት ክዳኑን ለእናትህ አሳያቸው፤ አላዩት ይሆናል። የመጨረሻው ቀን ከተጻፈበት በታች ቦታ ካለ፣ አንተ ዘይት የቀየርክበትን ከዚያ ቀጥለህ ጻፍ።